ጊታር በለቅሶ ሰፈር

ጊታር የያዘ ተማሪ ሁለት ስም ይወጣለታል። ከፈተና በፊት ከታየ «ሥራ ፈት»፣ ከፈተና በኋላ ከታየ «አርቲስት»። እኛ ሁለቱንም ስሞች ተሸክመን ስለኖርን በዚህ ጉዳይ ጥቂት መናገር የሚፈቀድልን ይመስለናል። እኛ ስንል ሦስት ነን፤ ሁለታችን የደባርቅ፣ አንዳችን የዳባት። ሦስታችንም ያደግነው በስሜን ተራሮች ግርጌ ነው፤ ሦስታችንም የተማርነው በአንድ ጊታር ነው። ለሦስት ሰው አንድ ጊታር መኖሩ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ አንዱ ሲመታ ሁለቱ የማዳመጥ ግዴታ አለባቸውና።

ለመጻፍ ያነሣሣን ዶርም ውስጥ ማታ ማታ የሚሰማው ክርክር ነው። አንዱ ወገን «ጊታር የፈረንጅ ነው፤ ክራር እያለን ምን አስፈለገን?» ይላል። ሌላው ወገን ይነሣና «ክራር ጊዜው አልፏል፤ ዘመናዊ ሙዚቃ ኮርድ ይፈልጋል» ይላል። ይጯጯሃሉ። ታዲያ ከተከራካሪዎቹ መካከል ክር ነክቶ የሚያውቅ አንድም የለም! እኛ ከሁለቱም ጎራ አይደለንም። የእኛ ነገር ሌላ ነው፤ ጀማሪ ከጊታር የሚማረው ዋናው ነገር ጣቱን መትከል ሳይሆን ጆሮውን ማቆም ነው እንላለን። ይህንንም ያወቅነው ድምፅ ማሰማት በማይቻልበት ወራት ነው። እንዴት እንደሆነ እነሆ።

በአገራችን ስለ መማር ሲወራ ቅዱስ ያሬድን ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ትምህርቱ አልገባ ብሎት፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትወድቅ ስትነሣ አይቶ ተጽናና የሚለውን ታሪክ የማያውቅ የለም። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ከታሪኩ አብልጦ የሚወደው መጨረሻውን ነው፤ ያሬድ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመጣው ወደ ስሜን ነው፣ ያረፈውም እዚሁ ተራሮች ውስጥ ነው ይባላልና። ስለዚህ የስሜን ልጅ «ዜማ አልሆነልኝም» ቢል የሚያዝንለት የለም። ትሏ ግን ስለ መውደቅና ስለ መነሣት አስተማረች እንጂ ስለ ጣት ጫፍ ምንም አላለችም። በዚያው ታሪክ ውስጥ ያሬድ ሲዘምር የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት፣ ወጊውም ተወጊውም በዜማው ተመስጠው ሕመሙን አልሰሙትም ይባላል። እኛ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰማነው! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንጀራ የቆረስነው በቀኝ እጃችን መሆኑ በጀን እንጂ ግራችንማ ወጥ ቢነካው እሪ ያሰኝ ነበር።

ጊታሩ የአንድ አስጎብኚ ወንድማችን ነው። ደባርቅ የፓርኩ በር ናት፤ ተራራውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ በእሷ በኩል ያልፋል። አስጎብኚው ጊታሩን ያገኘው ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግዳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገዱን ሁሉ ሲዘጋው፣ እሱም ሥራ ፍለጋ ሲሄድ፣ «ያዙት፤ ስመለስ ትሰጡኛላችሁ» ብሎ ተወልን። በአደራ የተያዘ ዕቃ ነውና እንደ ታቦት ነበር የምንይዘው።

ደባርቅ ደግሞ ለጊታር የምትመች ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ነው። የብረት ክር ብርድ ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ምድጃ ዳር ሲቀርብ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። እንጨቱ በበኩሉ በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ ማታ ቃኝተን ያስተኛነው ጊታር ጠዋት ሌላ ጊታር ሆኖ ይጠብቀናል።

መቃኛ መሣሪያ አልነበረንም። የነበረን በጆሮ የሚቃኝበት የድሮው ዘዴ ነው። ወፍራሙን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ትጫነዋለህ፤ የሚሰጥህ ድምፅ የሚቀጥለው ክር ባዶውን ሲመታ ሊሰጥ የሚገባው ድምፅ ነው። እንዲህ እያልክ ወደ ቀጭኑ ትወርዳለህ፤ ከሦስተኛው ክር ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ብቻ አምስተኛው ቀርቶ አራተኛው ፍሬት ይሆናል። ሁለቱ ድምፆች ሊገጥሙ ሲቃረቡ በመካከላቸው እንደ ማዕበል የሚንቀጠቀጥ ነገር ይሰማል። ሲቀራረቡ ማዕበሉ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ጸጥ ይላል። ይህን ማዕበል ለመስማት ሦስት ራስ አንድ ጊታር ላይ ተደፍቶ ማየት ሳያስቅ አይቀርም። ግን አስቡት፤ ገና አንድ ዘፈን ሳንመታ ጆሯችን ሥራ ጀምሮ ነበር።

ፍሬቶቹም ቢሆኑ በዘፈቀደ የተተከሉ አይደሉም። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ነው፤ እዚያ ስትጫነው ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመጣል። ከአንዱ ፍሬት ወደሚቀጥለው በሄድክ ቁጥር የሚርገበገበው ክር ከነበረው ርዝመት አንድ አሥራ ስምንተኛ ያህል ያጥራል፤ ፍሬቶቹ ወደ ሆዱ እየተጠጋጉ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋንበት ነገር እዚህ ነቅቶ ጠበቀን።

ክር ሲበጠስ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ ውስጥ አንድ ዘለላ እንመዛለን። መምቻውን ከአሮጌ የሞባይል ካርድ እንቆርጣለን። ኮርዶቹን ደግሞ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ እናያለን፤ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር። ኤፍ የሚባለውስ? ጠቋሚ ጣት ክሮቹን እንደ ቀንበር ተጭኖ፣ የቀሩት ጣቶች ደግሞ ሥራቸውን እንዲሠሩ ይጠበቃል። ኧረ የት ተደርጎ! እሱን ለልጅ ልጆቻችን አቆየነው።

ከጂ ወደ ሲ፣ ከሲ ወደ ዲ መዝለሉ ከተለመደ በኋላ የሰፈራችንን ዜማ ልናስገባበት ሞከርን። ዜማው አልቀመጥ አለ። ኮርድ ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ የእኛ ዜማ ግን አንድ በአንድ፣ እየተጎተተ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ነው። ቢሮ የገባ ባላገር ይመስል ዳር ዳሩን ይቆማል፤ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። «ጊታር የፈረንጅ ነው» የሚለው ወገን ይህን ቢያይ ኖሮ በደስታ ያጨበጭብ ነበር።

እዚህ ላይ እንዳለን ነው ጦርነቱ የመጣው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከአዲአርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለ ሰው ልጁን አዝሎ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ገባ፤ በትምህርት ቤት ክፍሎች ተጠለለ። በነሐሴ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ውስጥ፣ ጭና ላይ፣ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ከተሞች ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ይህን ማስረዘም አንፈልግም፤ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ላልደረሰበት ደግሞ በአንድ ገጽ አይነገርም።

አንባቢ እንደሚያውቀው ሐዘን በገባበት ሰፈር ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። የሠርግ ቀን ይተላለፋል፤ አዝማሪ ማሲንቆውን ይሰቅላል። ጊታርማ እንዴት ተደርጎ! ጊታሩን ግድግዳው ላይ ልንሰቅለው እንችል ነበር። ነገር ግን ያ ወቅት ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ መጽሐፍ ቢገለጥ ዓይን የማይከተልበት፣ ሌሊቱ እንቅልፍ የሌለው ወቅት ነበር። እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ መላ ዘየድን። ክሮቹ ሥር፣ ከመርገጫቸው አጠገብ፣ የነጠላ ቁራጭ ወተፍን። ክሩ ሲመታ «ጠቅ» ይላል እንጂ አይዘፍንም። በኩራዝ ብርሃን፣ ድምፅ በሌለው ጊታር፣ ሦስት ወር ያህል ተለማመድን።

ድምፅ የሌለው ጊታር ምን ያስተምራል ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ ድምፁ ስለማያሞግስህ ጣትህ የት እንዳረፈች ታውቃለህ። ሁለተኛ፣ ዜማውን በልብህ ካልሰማኸው ከየትም አይመጣልህም። ሦስተኛው ግን በኋላ የገባን ነው፤ ወደ እሱ እንደርሳለን።

ከዕለታት አንድ ቀን የዳባቱ ጓደኛችን «የእኛ ሰፈር አንድ አዝማሪ አሉ፤ ሥራ ፈትተው ነው የተቀመጡት፤ እንውሰድላቸው» አለ። ጊታሩን ሰው እንዳያየው በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለን፣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለን ዳባት ወረድን። ሽማግሌው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማሲንቆው ከበስተጀርባቸው ተሰቅሏል።

«ምንድን ነው ጆንያው ውስጥ ያለው ልጆቼ?»

«ጊታር ነው አባባ።»

«እስቲ አውጡት።»

ጨርቁን ነቀልንለት። እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኙትና፣ ምንም ሳይጫኑ፣ በጥፍራቸው ክሮቹን አንድ በአንድ ነኩ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ፤ ቀጥሎ እያዘለሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አራት አምስት ጊዜ ደጋገሙት።

«ትዝታ የቃኘው ማን ነው?» አሉ።

«ማንም አልቃኘውም አባባ። ሲሠራም እንዲህ ነው የሚቃኘው።»

«እንዲሁማ አይሆንም። ይኸ ትዝታ ነው።»

እርስ በርስ ተያየን። እንደተመለስን ወረቀት አውጥተን ጻፍነው። ሙሉው ትዝታ፣ ሜጀር የሚባለው፣ ከጂ ሲነሣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። የጊታር ባዶ ክሮች ደግሞ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። እስቲ ቅደም ተከተላቸውን አስተካክላችሁ ቁጠሩ! አምስቱም አሉ፤ የቀረው ስድስተኛው ክር ኢን ይደግማል። ስድስት ክር፣ አምስት ድምፅ፤ ልክ እንደ ባለስድስት ክሩ ክራር። በእርግጥ ይህ ማለት ጊታር ሠሪው ትዝታን ያውቅ ነበር ማለት አይደለም። በአምስት ድምፅ የሚሄድ ዜማ በቻይናም፣ በስኮትላንድም፣ በምዕራብ አፍሪካም አለ። ቢሆንም ከወራት በላይ በኮርድ ወረቀት ስንፈልገው የከረምነው ነገር ምንም ሳንጫን እዚያው ተኝቶ ነበር። ለመስማት አንድ ክር ብቻ ይዞ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ጆሮ አስፈለገ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተከፈተልን። ሁለቱን ኢዎችና ቢን በግማሽ ድምፅ ስታላላቸው ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ይሆናል፤ ይህ ማይነሩ ትዝታ ነው፣ ያ አንጀት የሚበላው። እዚያው ላይ ሌላ ክር ሳትነካ መነሻህንና ማረፊያህን ከጂ ወደ ዲ ብታዛውረውስ? አምባሰል ይሆናል! አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤታቸው ነው። ሰውም እንዲሁ አይደል? ያው ሰው ደባርቅ ሲያርፍና ካምፓስ ሲያርፍ ሌላ ዜማ ይሆናል።

ስለ ክራር ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ክራር አንገት የለውም፣ ፍሬት የለውም። ሲገረፍ የቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከወዲያ በኩል የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ፤ የሚፈለገው ብቻ ይለቀቃል። በጊታር ግራ እጅ ድምፅ ለመፍጠር ይጫናል፤ በክራር ዝም ለማሰኘት ይነካል። ካሳ ተሰማም ሆነ ሜሪ አርምዴ፣ አስናቀች ወርቁም ብትሆን፣ የክራር ጌቶች ሁሉ የዝምታም ጌቶች ናቸው ማለት ነው። በነጠላ ቁራጭ አፍነን የተማርነው ሦስተኛው ነገር ይኸው ነው። የማይሰማው ክር የሚሰማውን ክር ያሰማዋል።

አሁን ወደ ለቅሶው እንመለስ። ደባርቅ የምንለማመድባት ክፍል ግድግዳዋ ጭቃ ነው። ከግድግዳው ማዶ ልጃቸው በዚያ ጦርነት የሞተባቸው እናት አሉ። አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ቀን በር ላይ አገኙን።

«እናንተ ልጆች፣ ሌሊት ሌሊት ግድግዳዬን ጠቅ ጠቅ የምታደርጉት ምንድን ነው?»

«ጊታር እየተማርን ነው እትዬ። ድምፅ እንዳይወጣ አፍነነው ነው።»

«ድምፅ ካልወጣው ምኑን ተማራችሁት?» አሉና ትንሽ ቆዩ። «ልጄ እኮ ዘፈን ይወድ ነበር። ማታ አምጡትና ምቱልኝ።»

ማታ ሄድን። ቤቱ ውስጥ ጎረቤት ነበር። አንድ ሽማግሌ ጊታሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ለቅሶ ቤት ጊታር?» አሉ።

እናትየዋ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ሙሾ ዜማ አይደለም እንዴ?» አሏቸው።

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ አልወጡምም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

ጨርቁን ነቀልን፤ ማይነር ትዝታውን ቃኘን። ያን ማታ ኮርድ የሚባል ነገር አልነካንም፤ ባዶ ክር ብቻ፣ አንድ በአንድ። እትዬ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቆይተው ከጉሮሯቸው ሥር ጀመሩ። ያሉትን እዚህ አንጽፈውም፤ የእሳቸውና የልጃቸው ነው። የምንችለው እንዴት እንደሄደ መናገር ነው። እሳቸው ሲያወጡ እኛ እንጠብቃለን፤ ትንፋሻቸው ሲያልቅ አንድ ክር እንነካለን፤ ሲመለሱ ክሩን በመዳፋችን እናቆመዋለን። እንምራቸው ብንል ኖሮ መንገድ በጠፋባቸው ነበር። ተከተልናቸው። ያን ሁሉ ሌሊት የተለማመድነው ዝምታ እዚያ ሥራ አገኘ። ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም፤ ሽማግሌው «እግዜር ያጥናሽ» አሉ፤ ቡና ተፈላ።

በማግስቱ እትዬ ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። በሰፈሩ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ዶርም ውስጥ ለሚጯጯኸው ጉባኤ የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። ጊታር የማን ነው ለሚለው፣ የሚያዳምጠው ሰው ነው። የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም በኤሌክትሪክ ጊታር ያንን ሁሉ ዘፈን ሲያጅብ የኖረው፣ ግሩም መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አኮስቲክን መሥርቶ ከማንዶሊኑ ሊቅ ከአየለ ማሞ ጋር የድሮውን ዜማ ያለ ኤሌክትሪክ የመለሰው፣ መሣሪያው ከየት እንደመጣ በመጠየቅ አይደለም። ክራር ጊዜው አልፏል ለሚለው ወገን ደግሞ፣ እኛን ከኮርድ ወረቀት ያወጣን ከክራርም አንሶ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ያለው ማሲንቆ የያዙ ሽማግሌ መሆናቸውን እናስታውሳለን።

ዛሬም ጀማሪዎች ነን። ኤፍ ኮርድ እስካሁን እንደ ራስ ዳሸን ከሩቅ ይታያል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ድምፆቹ አንዱ ጋ ተጣብቀው አንዱ ጋ ተራርቀው ለጣታችን አልገራ ብሏል፤ ያ አዝማሪ ግን በአንዲት ክር ላይ ሲጫወቱት ውኃ ነው። ለመጪው ክረምት ዳባት ቀጠሮ አለን። አስጎብኚው ወንድማችን ጊታሩን ሊወስድ እስኪመጣ ድረስ አደራውን እየጠበቅን ነው፤ ሲመጣ ክሮቹ ሁለቱ የብስክሌት መሆናቸውን እንነግረዋለን።

እስከዚያው አልጋው ሥር ጊታር ያለው ጓድ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ የኮርድ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ ምንም ሳይጫን፣ ስድስቱን ክር አንድ በአንድ ይምታ። የክፍል ጓደኛው ተኝቶ እንደሆነ ቀስ ብሎ።